ኮምፒውተሩ የጻፈው ደብዳቤ፦ ከአይ.አር.ኤስ. የሚላክልን ወረቀት ከየት ተነሥቶ፣ እንዴት ታትሞ እቤታችን ይደርሳል?

በዛሬው ዓምዳችን ብዙዎቻችሁ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝን አንድ ጉዳይ አነሣለሁ።

ከጥቂት ወራት በፊት በአሌክሳንድሪያ ከተማ ለረጅም ዓመታት ታክሲ የነዱ አንድ አባት ሲልቨር ስፕሪንግ ወደሚገኘው ቢሮዬ መጡ። በእጃቸው የገበያ ፌስታል ይዘዋል። ጠረጴዛዬ ላይ ሲገለብጡት አሥራ አንድ ፖስታ ወጣ፤ ሰባቱ ገና አልተከፈቱም። «ጋሼ፣ ለምን ሳይከፍቱ አስቀመጧቸው?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ይሄንን እኮ የጻፈው ኮምፒውተር ነው። ከሥሩ የሰው ፊርማ የለበትም። ጉዳዩ የምር ከሆነ ሰው ይደውልልኛል ብዬ ጠበቅሁ» አሉኝ።

ጋሼ ግማሹን እውነት ተናግረዋል። ደብዳቤውን ያዘጋጀው በእርግጥ ኮምፒውተር ነው። የተሳሳቱት ኮምፒውተር ያዘጋጀው ደብዳቤ እንደ ማስታወቂያ ወረቀት የሚጣል መስሎ ስለታያቸው ነው። ካልተከፈቱት ፖስታዎች በአንደኛው ውስጥ የ90 ቀን ገደብ የያዘ ወረቀት አገኘሁ። ከ90ው ቀን 84ቱ አልፏል። ነገሩ እንዴት እንደተፈጸመ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። አስቀድመን ግን ይህ ወረቀት ከየት እንደሚመጣ እንመልከት፤ አመጣጡን ያወቀ ሰው አነባበቡንም ያውቃልና። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መዝገቡ ያለው ማርቲንስበርግ ነው

ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥታችሁ በ270 አውራ ጎዳና ወደ ፍሬድሪክ፣ ከዚያም ወደ ምዕራብ ብትነዱ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ማርቲንስበርግ የምትባል ከተማ ትደርሳላችሁ። አይ.አር.ኤስ. ብሔራዊ የኮምፒውተር ማዕከሉን እዚያ የከፈተው በ1961 ነው። የእያንዳንዱ ግብር ከፋይ ዋና መዝገብም በኮምፒውተር መያዝ የጀመረው በዚያው በ1960ዎቹ ነው።

ይህንን መዝገብ የሚይዘው ኮምፒውተር ሜይንፍሬም ይባላል። እኛ ሱቃችን ውስጥ ካለን ኮምፒውተር የሚለየው በመጠኑ ብቻ አይደለም። ሜይንፍሬም የተሠራው ለአንድ ዓይነት ሥራ ነው፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎችን መዝገብ በተራ እያነሣ፣ እያንዳንዱን በአንድ ዓይነት ደንብ እየመረመረ፣ ሳይታክት እንዲሠራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በሜይንፍሬሙ ውስጥ የእናንተ ደብዳቤ የለም። ያለው የእናንተ መዝገብ ነው፤ ይኸውም በጠባብ ሣጥኖች የተከፋፈለ አንድ ረጅም መስመር ነው። በአንዱ ሣጥን ስም፣ በሌላው የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ በሌላው አድራሻ፣ በሌላው የተከፈለና ያልተከፈለ ገንዘብ ይቀመጣል። የእያንዳንዱ ሣጥን ስፋት አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ፕሮግራሙ መዝገቡን ሲመረምር አንድ የማይጣጣም ነገር ካገኘ፣ ለዚያ ዓይነት ጉዳይ አስቀድሞ የተዘጋጀውን አንቀጽ ይመርጥና ከስማችሁና ከቁጥራችሁ ጋር ያጣምረዋል።

ከአይ.አር.ኤስ. በሚመጣው ወረቀት ላይ ሲ.ፒ. 14፣ ሲ.ፒ. 2000፣ ሲ.ፒ. 504 የሚል ምልክት የምታዩት ለዚህ ነው። ሲ.ፒ. ማለት «ኮምፒውተር ፓራግራፍ»፣ የኮምፒውተር አንቀጽ ማለት ነው። ቁጥሩ የትኛው አንቀጽ እንደተመረጠላችሁ ይናገራል። ስለዚህ ደብዳቤ ስትከፍቱ ከገንዘቡ በፊት ያንን ቁጥር ፈልጉ።

ከመስመር ማተሚያ ወደ ገጽ ማተሚያ

ይህንን የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። የሂሳብ አያያዝ ዲግሪዬን በሕንድ አገር ጨርሼ በ2004 ወደዚህ አገር ስመጣ ዲግሪዬን የሚቀበለኝ አላገኘሁም። የመጀመሪያ ሥራዬ በሰሜን ቨርጂኒያ በአንድ ማተሚያ ድርጅት የሌሊት ፈረቃ ነበር። ድርጅቱ የባንኮችንና የኩባንያዎችን መግለጫ፣ ቢልና የታክስ ቅጽ ያትም ነበር። እኔ ወረቀት እሞላለሁ፣ የታጠፈ ወረቀት አወጣለሁ፣ የመጀመሪያውን ቅጠል አይቼ መቆጣጠሪያው ላይ እፈርማለሁ። እዚያ ያየሁት ዛሬም ለሥራዬ ይጠቅመኛል።

ድሮ የነበረው የመስመር ማተሚያ ነው። አይ.ቢ.ኤም. በ1959 ያወጣው 1403 የሚባለው ማሽን በአንድ ጊዜ አንድ ሙሉ መስመር ያትማል፤ መስመሩም 132 ፊደል ይይዛል። የኋለኞቹ ሞዴሎች በደቂቃ እስከ 1,100 መስመር ያወጡ ነበር። ኮምፒውተሩ ለማሽኑ የሚልከው እንዲሁ ተራ መስመር ነው። በየመስመሩ መጀመሪያ ላይ ግን አንድ የማይታተም ምልክት ይቀድማል። ምልክቱ 1 ከሆነ «ወደ አዲስ ገጽ እለፍ»፣ ዜሮ ከሆነ «አንድ መስመር ዝለል»፣ የመደመር ምልክት ከሆነ «በዚያው መስመር ላይ ደግመህ አትም» ማለት ነው። ጽሑፍ ማድመቅ ሲፈለግ ያው መስመር ሁለት ጊዜ ይደረብ ነበር። የቅጹ ሣጥኖችና ርዕሶች አስቀድመው ማተሚያ ቤት ይታተማሉ፤ ኮምፒውተሩ ክፍት ቦታውን ብቻ ይሞላል። ወረቀቱ ትንሽ ከተንሸራተተ ቁጥሩ ከሣጥኑ ውጪ ይወድቃል። በቀን ውስጥ አሥር ዓይነት ቅጽ የሚታተም ከሆነም አሥር ጊዜ ወረቀት መቀየር የግድ ነው።

ከዚያ ገጽ ማተሚያ መጣ። አይ.ቢ.ኤም. 3800 የሚባለውን የሌዘር ማተሚያ በ1975 አስተዋወቀ፤ በ1977 ደግሞ ዜሮክስ በደቂቃ 120 ገጽ የሚያወጣውን 9700 አቀረበ። እነዚህ ማሽኖች መስመር በመስመር አይመቱም፤ የገጹን ሙሉ ምስል በአንድ ላይ አዘጋጅተው በብርሃን ይሥሉታል። ስለዚህ ቅጹንም ራሳቸው ሊሥሉት ይችላሉ። ባዶ ነጭ ወረቀት ይገባል፤ ቅጹም፣ ማኅተሙም፣ ስሙም፣ ቁጥሩም በአንድ ጊዜ ታትሞ ይወጣል።

ነገሩን በሠርግ ጥሪ ካርድ ልመስለው

የሠርግ ጥሪ ካርድ ስታሳትሙ የሙሽሮቹ ስም፣ ቀኑና አዳራሹ ለሁሉም አንድ ነው። የሚለያየው «ለአቶ» እና «ለወይዘሮ» ከሚለው ቀጥሎ የሚጻፈው የተጠሪው ስም ነው። አምስት መቶ እንግዳ ለመጥራት አምስት መቶ ጊዜ ካርድ መንደፍ አያስፈልግም። አንድ ካርድና አንድ የስም ዝርዝር ይበቃል።

አይ.ቢ.ኤም. በ1984 ያወጣው ኤ.ኤፍ.ፒ. የሚባለው አሠራር ይህንን ይመስላል። ካርዱ፣ ማለትም የቅጹ ሥዕል፣ አንድ ጊዜ ተዘጋጅቶ ይቀመጣል። የፊደል ቅርጾችም እንዲሁ። ሌላ አንድ መመሪያ ደግሞ «ከመዝገቡ እዚህ ቦታ ያለውን ቁጥር ገጹ ላይ ከላይ ይህን ያህል፣ ከግራ ይህን ያህል ገባ ብለህ አስቀምጥ» ይላል። ሌላው መመሪያ ወረቀቱ ከየትኛው መሳቢያ እንደሚመጣና በአንድ ወገን ወይስ በሁለት ወገን እንደሚታተም ይወስናል። ሜይንፍሬሙ የስም ዝርዝሩን ይልካል፤ ቅጹና ፊደሉ ማተሚያው ዘንድ ስለሚቀመጡ በየገጹ መላክ አያስፈልጋቸውም። አንድ ሚሊዮን ደብዳቤ በፍጥነት ማተም የተቻለው በዚህ ነው።

ሥራው በቀጥታ ወደ ማተሚያው አይሮጥም። መጀመሪያ በዲስክ ላይ ወረፋ ይይዛል። ተራው ሲደርስ ገጾቹ ይላካሉ፤ ማተሚያውም መልስ ይሰጣል። «ይህን ያህል ገጽ ተቀብያለሁ፣ ይህን ያህሉ ታትሞ ተከምሯል» ይላል። ወረቀት ቢታጠፍበት ኮምፒውተሩ የትኛው ገጽ እንደጠፋ ስለሚያውቅ ከዚያው ገጽ ጀምሮ ይደግማል። አንድም ሰው እንዳይቀር፣ አንድም ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይደርሰው ተብሎ የተበጀ ነው። ከዚያ ወረቀቱ ወደ ማሸጊያ ማሽን ያልፋል። በወረቀቱ ጠርዝ ላይ የምታዩት የመስመር ኮድ ለዚህ ማሽን የተጻፈ ነው፤ በአንድ ፖስታ ስንት ቅጠል እንደሚገባ ይነግረዋል።

አይ.አር.ኤስ. ደብዳቤዎቹን የሚያትምባቸው ሁለት ማዕከሎች አሉት፤ አንደኛው በዲትሮይት ሚሺጋን፣ ሁለተኛው በኦግደን ዩታ። ስለዚህ እዚህ አጠገባችን ዋሽንግተን ያለ ሰው ስለ እናንተ ተቀምጦ የጻፈው ደብዳቤ አይደለም።

የተሳሳትኩበት ሌሊት

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። በአንድ የጥር ወር ሌሊት ለአንድ ኩባንያ 1099 ቅጾችን እናትም ነበር። በዚያ ዓመት የቅጹ ሣጥኖች ተሸጋሽገው ነበር፤ በማሽኑ ላይ የተጫነው ግን ያለፈው ዓመት ቅጽ ሥዕል ነበር። ቁጥሮቹ በሙሉ አንድ ሣጥን ወርደው ታተሙ። የሰዎቹ ገቢ «የተቀነሰ የፌዴራል ታክስ» በሚለው ሣጥን ውስጥ ገባ። እኔ የመጀመሪያውን ቅጠል በትክክል ሳላይ ፈርሜ ነበር። ስህተቱ ሲታወቅ ብዙ ፖስታ ከቤቱ ወጥቷል።

ከዚያ የተማርኩት ይህንን ነው። ለአይ.አር.ኤስ. የተላከው የኤሌክትሮኒክ ፋይል ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው ለሰዎቹ የደረሰው ወረቀት ነው። ወረቀቱና ፋይሉ ከአንድ መዝገብ ይነሣሉ፤ ከዚያ ግን በየፊናቸው ይሄዳሉ። ስለዚህ የታክሲ ኩባንያው ወይም የክሬዲት ካርድ ድርጅቱ የላከላችሁ 1099 የተሳሳተ መስሎ ከታያችሁ፣ በእስክሪብቶ ሰርዛችሁ ብትጽፉበት የአይ.አር.ኤስ.ን መዝገብ አይለውጠውም። የላከላችሁን ድርጅት በጽሑፍ «የተስተካከለ ቅጽ ላኩልኝ፤ ለአይ.አር.ኤስ.ም ላኩ» ብላችሁ መጠየቅ አለባችሁ። ቅጂውንም አስቀሩ።

በ2020 ማተሚያው ሲቆም

ቀን በደብዳቤው ላይ የሚጻፈው ሰው ፖስታ ቤት ሲያደርሰው አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ሲያዘጋጀው ነው። ይህ ልዩነት በ2020 በግልጽ ታየ። በኮቪድ ምክንያት የማተሚያ ማዕከሎቹ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ግንቦት መጨረሻ ተዘጉ። ኮምፒውተሩ ግን ሥራውን አላቆመም። ከ20 ሚሊዮን በላይ ደብዳቤ ቀን እየተጻፈበት ተከማቸ። ማዕከሎቹ ሲከፈቱ ብዙዎቹ ደብዳቤዎች የመልስ መስጫ ቀናቸው አልፎባቸው ወደ ሰዎች ሄዱ፤ አይ.አር.ኤስ.ም ቀኑ መራዘሙን የሚገልጽ ተጨማሪ ወረቀት ከደብዳቤዎቹ ጋር አብሮ አሸገ። ያንን ተጨማሪ ወረቀት ያላነበበ ሰው «ጊዜው አልፏል» ብሎ ተስፋ ቆርጦ ይሆናል። እንግዲህ ሁለት ነገር እንያዝ፤ በፖስታው ውስጥ ያለውን ቅጠል ሁሉ ማንበብ፣ ፖስታውንም ከማኅተሙ ጋር አለመጣል።

ስማችንና አራቱ ፊደላት

እኛ ኢትዮጵያውያን በተለይ የምንቸገርበት ነገር ደግሞ አለ። ኮምፒውተሩ አንድን ሰው የሚለየው በቁጥሩ ብቻ አይደለም፤ ከቁጥሩ ጋር የመጨረሻ ስሙን የመጀመሪያዎቹ አራት የላቲን ፊደላት ያመሳክራል። ተስፋዬ ከሆነ ቲ፣ ኢ፣ ኤስ፣ ኤፍ ማለት ነው። እነዚህ ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር ካልገጠሙ በኮምፒውተር የተላከው የታክስ ማስታወቂያ ተመላሽ ይሆናል።

የኛ አገር ሰው የቤተሰብ ስም የለውም። አንዱ ወረቀት ላይ የአባቱን፣ ሌላው ላይ የአያቱን ስም እንደ መጨረሻ ስም ይጽፋል። «ገብረ ሥላሴ» የሚል ስም በአንድ ቦታ ተያይዞ፣ በሌላ ቦታ ተነጣጥሎ፣ በሌላ ቦታ ደግሞ በእዝባር አጥሮ ይጻፋል። ለእኛ አንድ ሰው ነው። ለኮምፒውተሩ ግን በጂ የሚጀምር አንድ ሰው፣ በኤስ የሚጀምር ሌላ ሰው ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በሶሻል ሴኩሪቲ ካርዳችሁ ላይ እንዳለው፣ ክፍተቱም ሳይቀር፣ እንዲያው አድርጋችሁ ጻፉ። ዜግነት ስትወስዱ ወይም ስትጋቡ ስም ከቀየራችሁ አስቀድማችሁ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ አስተካክሉ፤ ከዚያ በኋላ ታክስ ሥሩ።

በግል ስማችሁ ያለ ኩባንያ ሱቅ የምትሠሩ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። የአሠሪ መለያ ቁጥር ብታወጡም አራቱ ፊደላት የሚወሰዱት ከራሳችሁ የመጨረሻ ስም እንጂ በሱቁ በር ላይ ከተጻፈው ስም አይደለም።

ወረቀቱን እንዴት እናንብበው?

ብዙ ጊዜ ወደ ቢሮዬ የሚመጡትን ልዘርዝር።

ሲ.ፒ. 14 ያልተከፈለ ዕዳ መኖሩን የሚነግር የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው። ዕዳው ከ100,000 ዶላር በታች ከሆነ በደብዳቤው ላይ ካለው ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ ከተከፈለ ተጨማሪ ወለድ አይታሰብበትም።

ሲ.ፒ. 2000 ቢል አይደለም። «ሌሎች ስለ እናንተ የላኩልን ቁጥር እናንተ ከጻፋችሁት ጋር አልገጠመም፤ ስለዚህ ይህንን ለውጥ ለማድረግ አስበናል» የሚል ሐሳብ ነው። ትስማማላችሁ ወይም ትቃወማላችሁ። መልስ መስጫው በዚህ አገር ላለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ነው።

ሲ.ፒ. 3219-ኤ ሕጋዊ የጉድለት ማስታወቂያ ነው። ለሲ.ፒ. 2000 መልስ ካልተሰጠ ተከትሎ የሚመጣው ይህ ነው። ሳትከፍሉ በታክስ ፍርድ ቤት ለመከራከር 90 ቀን ይሰጣል። የመጨረሻው ቀን ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ለአይ.አር.ኤስ. ስልክ መደወል ወይም ደብዳቤ መጻፍ ይህንን ቀን አያራዝመውም።

ሲ.ፒ. 575 መንግሥት የአሠሪ መለያ ቁጥር መስጠቱን የሚገልጽ ነው። ይህ ደብዳቤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚታተመው። ባንክ ወይም ፈቃድ ሰጪ ቢሮ ሲጠይቃችሁ ከጠፋባችሁ ለአይ.አር.ኤስ. የንግድ መስመር ደውላችሁ 147-ሲ የተባለውን ማረጋገጫ ደብዳቤ ጠይቁ።

ምን እናድርግ?

1ኛ/ ፖስታውን በመጣበት ዕለት ክፈቱ። የደብዳቤውን ቁጥር፣ የታክሱን ዓመትና የመጨረሻውን ቀን ከፖስታው ጀርባ ላይ በአማርኛ ጻፉ።

2ኛ/ ቤት ስትቀይሩ ቅጽ 8822፣ ድርጅታችሁ ሲቀየር 8822-ቢ ላኩ። ሕጉ ደብዳቤው በመጨረሻ በሚታወቀው አድራሻችሁ ከተላከ፣ ባይደርሳችሁም እንደደረሰ ይቆጥረዋል። የአፓርታማውን ቁጥር አትርሱ።

3ኛ/ ኢሚግሬሽንና አይ.አር.ኤስ. የተለያየ መዝገብ አላቸው። ለአንዱ የነገራችሁት አድራሻ ለሌላው አይደርስም። ዜጋ ያልሆናችሁ በቅጽ ኤ.አር-11 በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማስታወቅ አለባችሁ።

4ኛ/ ስትመልሱ የደብዳቤውን መልስ መስጫ ቅጠል ከላይ አድርጉት። በላዩ ያሉት ቁጥሮች የእናንተን ወረቀት ከመዝገባችሁ ጋር የሚያገናኙ ናቸው። ዋናውን ሰነድ ሳይሆን ቅጂውን፣ በአደራ ፖስታ ላኩ።

5ኛ/ ዛሬ ማንም ሰው ጥሩ ፕሪንተር ካለው የመንግሥት የሚመስል ደብዳቤ ማተም ይችላል። ከተጠራጠራችሁ ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን በአይ.አር.ኤስ. ድረ ገጽ ላይ ባለው የራሳችሁ አካውንት አረጋግጡ። በስጦታ ካርድ ክፈሉ የሚል መንግሥት የለም።

የጋሼ ጉዳይ

የጋሼን ፖስታዎች በቀን ቅደም ተከተል ደረደርናቸው። የክፍያ ድርጅቱ በ1099-ኬ ቅጽ ለአይ.አር.ኤስ. የላከው ጥቅል ገቢ 61,300 ዶላር ነበር። ጋሼ የጻፉት ግን እጃቸው የገባውን 46,900 ዶላር ነው። በመካከል ያለው 14,400 ዶላር ለኮሚሽንና ለልዩ ልዩ ክፍያ የተቆረጠባቸው ነው። ጋሼ አልዋሹም፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩ የሚያመሳክረው ጥቅሉን ነው። መጻፍ የነበረባቸው ጥቅሉን በገቢ መስመር፣ የተቆረጠውን በወጪ መስመር ነበር። በአጻጻፍ ስህተት ብቻ ከ3,600 ዶላር በላይ ታክስ ተጠየቁ፤ ቅጣትና ወለዱ ሳይጨመር።

የመጀመሪያው ሲ.ፒ. 2000 በመጣ ጊዜ ቢከፍቱት በአንድ ገጽ መልስና በኩባንያው መግለጫ ያልቅ ነበር። አሁን ግን ስድስት ቀን ብቻ ስለቀረን አቤቱታው በጋሼ ስም ተዘጋጅቶ፣ ራሳቸው ፈርመውበት፣ 60 ዶላር ተከፍሎ በአምስተኛው ቀን ለታክስ ፍርድ ቤት ገባ። ከሰባት ወር በኋላ አይ.አር.ኤስ. ማስረጃውን ተቀብሎ የጠየቀውን ታክስ ተወው። በነዚያ ሰባት ወራት ጋሼ እንቅልፍ አልነበራቸውም።

ባለፈው ሳምንት መጥተው አንድ ፖስታ ሰጡኝ። ተከፍቷል። በጀርባው በአማርኛ «ሲ.ፒ. 14 አይደለም፤ የቅድሚያ ክፍያ ነው፤ እስከ 15» ብለው ጽፈውበታል። በትክክል አንብበውታል።

ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ግንዛቤ የቀረበ ነው፤ የየራሳችሁን ጉዳይ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ከባለሙያ ጋር ተመካከሩ።